የውሻችሁ ዓይን በድንገት ቢደፈርስ

«አርጅቷል፣ የዕድሜ ነው» ሲባል በየጊዜው እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ከ7 ዓመት ገደማ ጀምሮ የውሻ ሌንስ እየጠጠረ ሰማያዊ ግራጫ መልክ ይይዛል። ይህ ግን በሁለቱም ዓይን ላይ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፤ አያምም፣ እይታንም ብዙ አይጎዳም። ትናንት ጥርት ብሎ የነበረ ዓይን ዛሬ ጠዋት ጭጋግ ከለበሰ ግን ዕድሜ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግላኮማ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ያሻቅባል፤ የእይታ ነርቩም በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ነጩ ይቀላል፣ ብሌኑ ይሰፋል፣ ባትሪ ሲበራበትም አይጠብም። ውሻው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ምግብ ይተዋል። የኮርኒያ (የዓይን ፊት ግልጽ ሽፋን) ቁስልና የዓይን ውስጥ ብግነትም እንዲሁ ያደፈርሳሉ፤ መዥገር የሚያስተላልፋቸው በሽታዎች ብግነቱን ሊያመጡ ይችላሉ። ውሃ አብዝቶ የሚጠጣና የሚሸና ከሆነ ስኳር ይመርመር፤ በውሻ ላይ ከስኳር በሽታ የሚመጣ የዓይን ሞራ በቀናት ውስጥ እይታን ሊጋርድ ይችላል።

እባካችሁ፣ ከሰው የተረፈ ጠብታ አትጨምሩ! ኮርኒያው ቆስሎ ከሆነ ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ዓይኑን እስከ መብሳት ያደርሰዋል። እኛ የእንስሳት ሐኪሞች እንኳ መጀመሪያ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም ነክተን በሰማያዊ መብራት እናያለን፤ ቁስል ካለ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል።

ሐኪም ጋ ዛሬውኑ ውሰዱት። በመንገድ ላይ እንዳያከው ጠብቁት፤ አንገቱንም በማሰሪያ አትጎትቱ፣ የዓይን ግፊት ይጨምራልና።