ኦፔራ የተማረ ድምፅ በቴአትር መድረክ

ድምፅ አስተምራለሁ። ወደ ክፍሌ የሚመጡ ወጣት ተዋናዮች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፤ «የኦፔራ ዘፋኝ ካልሆንኩ የኦፔራ ሥልጠና ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ። እኔም የአሜሪካዊቷን ተዋናይና ዘፋኝ የኦድራ ማክዶናልድን የሥራ ሕይወት እንዲያዩ እነግራቸዋለሁ።

ኦድራ እ.ኤ.አ. በ1970 በምዕራብ በርሊን ተወልዳ በካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ ከተማ አደገች። ልቧ የኒው ዮርክ የቴአትር ማዕከል በሆነው ብሮድዌይ ላይ ቢሆንም በዚያው ከተማ ባለው የጁሊያርድ ትምህርት ቤት ያጠናችው ክላሲካል ድምፅ ነው። በ1993 ተመርቃ፣ በዓመቱ «ካሩሰል» በተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር የብሮድዌይ ሥራዎች የሚሸለሙበትን የቶኒ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። እስከ 2014 ሽልማቶቿ ስድስት ደርሰዋል። በዋናና በረዳት ተዋናይነት፣ በሙዚቃዊ ቴአትርም በተውኔትም፣ አራቱንም የትወና ዘርፎች ያሸነፈች ብቸኛ ሰው ናት።

የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ማይክሮፎን፣ ከሙሉ ኦርኬስትራ በላይ መሰማት አለባት። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ አዳራሽ ብቻ 3,800 ያህል መቀመጫ አለው። ስለዚህ ሥልጠናው እስትንፋስን ያጠነክራል፣ ጉሮሮን ይከፍታል፣ አናባቢን ያሰፋል። ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ወደ ላይኛው ድምፅ ስትወጣ ግን አናባቢዎቹ እየተመሳሰሉ ይሄዳሉ፤ አድማጭ ዜማውን ይዞ ቃሉን ያጣዋል። ሙዚቃዊ ቴአትር ይህን አይችልም። ታሪኩ በዘፈኑ ውስጥ ይራመዳልና ቃል ከጠፋ ታሪኩም ይጠፋል። ማይክሮፎኑ በተዋናይቷ ሰው ሠራሽ ፀጉር ሥር ተደብቋል፤ ከእሷ የሚጠበቀው ሰው ሆና መናገር ነው።

ስለዚህ በክፍሌ ዜማው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ተማሪዋ ግጥሙን መጀመሪያ ፊት ለፊቷ ለተቀመጠ ሰው እንደምትነግር አድርጋ ትናገረዋለች፤ ቀጥሎ በዘፈኑ ምት፤ ከዚያ በኋላ ትዘፍነዋለች። እጇን ጎኗ ላይ ታደርጋለች፤ ስትተነፍስ ጎድኗ ወደ ውጭ መስፋት አለበት። ትከሻዋ ከተነሳ እንደገና እንጀምራለን። ሐሳብ ሳያልቅ አየር ከሳበች አስቆማትና «ለማን ነው የምትነግሪው?» እላታለሁ። መልሱን ስታገኝ እስትንፋሱም ቦታውን ያገኛል።

የኦፔራ ሥልጠና ዋጋውን በደንብ የሚያሳየው በጽናት ነው። የኦፔራ ዘፋኝ ከአንድ ትርዒት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የእረፍት ቀን ታገኛለች። ብሮድዌይ ግን በሳምንት ስምንት ትርዒት ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ መውጣትም አለ። በጉሮሮ ጉልበት የሚዘፍን ይህን ብዙ አይዘልቀውም።

ኦድራ በ2014 በአንድ ተውኔት የጃዝ ዘፋኟን ቢሊ ሆሊደይን ሆና ስትተውን ያደረገችውን ለተማሪዎቼ ሁሉ እተርካለሁ። የተውኔቱ ታሪክ በ1959፣ ዘፋኟ ልትሞት ወራት ሲቀሯት፣ በፊላደልፊያ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ የሚካሄድ ነው። ኦድራ የራሷን ብሩህ ሶፕራኖ ትታ የሆሊደይን የደከመና የሻከረ ድምፅ ያዘች፤ ማታ ማታም ደገመችው። የተጎዳ ድምፅ እያሰሙ የራስን ድምፅ ሳይጎዱ መክረም ከፍተኛ የሙያ ብቃት ነው። በ1995 ደግሞ «ማስተር ክላስ» በተባለው ተውኔት በኦፔራ ዘፋኟ ማሪያ ካላስ ፊት የቆመች የድምፅ ተማሪ ሆና ከቬርዲ ኦፔራ አንድ አሪያ (ነጠላ ዘፈን) ዘፍናለች። በ2004 የዘፈን ቴአትር ባልሆነው «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» የቶኒ ሽልማት አሸነፈች፤ በ2007 በሎስ አንጀለስ ኦፔራ በሙዚቃ ደራሲው ኩርት ቫይል ሥራ ተጫወተች። አንዱ ሥልጠና ለሁሉም አገለገላት፤ የት እንደምትቆም የመረጠችው ግን ራሷ ናት።

በእኛም አገር የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የቴአትር ጥበባት ትምህርት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። ተዋናይ ለመሆን የምትማሩ የድምፅ መምህር ፈልጉ፤ ድምፅ የምትማሩም የትወና ክፍል ግቡ። መምህራን ሆይ፣ አንዱን ከሌላው አስመርጣችሁ የልጆቹን መንገድ አታጥብቡባቸው። መድረኩ ሁለቱንም ይፈልጋል።