ከደወሉ የሚቀድም መስመር

ከእንጅባራ ተነስቶ በዳንግላ በኩል ባህር ዳር የሚገባው መንገድ የባሕር መንገድ አይመስልም። ሆኖም ከአዊ ወጥቶ መርከበኛ መሆን ለሚፈልግ ወጣት ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የምህንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ ለመርከብ ሞተር ክፍል ያዘጋጃል። እዚያ ከሚጠብቃቸው ሥራ ትልቁ ድርሻ ደግሞ መፍቻ ይዞ መፍታት ሳይሆን፣ ሞተሩ ከመታመሙ በፊት ሁኔታውን ማንበብ ነው።

የመርከብ ተረኛ መሐንዲስ ከሚመዘግባቸው ቁጥሮች መካከል እኔ የማስቀድመው ከእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚወጣውን የጭስ ሙቀት ነው። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ማንጠባጠብ ከጀመረ፣ የጭስ ቫልቩ በደንብ አልዘጋ ካለ፣ ሙቀቱ ቶሎ ያሳብቃል። የማስጠንቀቂያ ደወሉ ግን የሚጮኸው ሙቀቱ አስቀድሞ የተወሰነለትን ጣሪያ ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜ ቫልቩ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ መሀል ባሕር ላይ ደግሞ የሚጠራ ጋራዥ የለም።

ከደወሉ የሚቀድመው መሣሪያ የቁጥጥር ቻርት ይባላል። የተወለደው ከመርከብ ርቆ ነው። ለአሜሪካው የስልክ ዕቃ አምራች ለዌስተርን ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረው ዋልተር ሸዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 ለአለቃው በጻፈው አጭር ማስታወሻ ላይ አንድ ሥዕል አኖረ፤ መሀል ላይ አማካይ መስመር፣ ከላይና ከታች ሁለት ወሰኖች። ጤነኛ የሆነ ሥራ ሁሉ የራሱ ውጣ ውረድ አለው። ወሰኖቹ የሚሰመሩትም ከዚያው ውጣ ውረድ ተሰልተው ነው እንጂ ከመመሪያ መጽሐፍ ተቀድተው አይደለም። አንድ የአዊ ፈረሰኛ የፈረሱን ማነከስ የሚያውቀው የራሱን ፈረስ የዘወትር አረማመድ ስለሚያውቅ ነው፤ ቻርቱም ሞተሩን የሚመዝነው በራሱ በሞተሩ ልክ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተር አለን እንበል። የጭሱ ሙቀት በጭነትና በአየሩ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን እንዳለ ቻርት ላይ ማስፈር አያዋጣም። ስለዚህ የስድስቱን አማካይ እናወጣና እያንዳንዱ ሲሊንደር ከዚያ በስንት ዲግሪ እንደሚለይ እንጽፋለን። አራተኛው ሲሊንደር በጤናው ጊዜ ከአማካዩ 2 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ከአንዱ ንባብ ወደ ቀጣዩ ያለው ልዩነትም በአማካይ 4.5 ዲግሪ ነው። ይህን የዚህ ቻርት ቋሚ ማባዣ በሆነው በ2.66 ስናባዛ 12 ያህል ይመጣል፤ ወሰኖቹ እንግዲህ ከስድስቱ አማካይ 10 ዲግሪ ዝቅ ከማለት እስከ 14 ዲግሪ ከፍ ማለት ናቸው ማለት ነው። በኋላ የመጡት ንባቦች ደግሞ 4፣ 3፣ 6፣ 5፣ 8፣ 7፣ 9፣ 10 ሆኑ። አንዱም ወሰን አልጣሰም፤ ደወሉም ዝም ብሏል። ነገር ግን ስምንቱም ከ2 በላይ ናቸው። ስምንት ተከታታይ ነጥቦች በአንድ ወገን ከተሰለፉ በአጋጣሚ የሆነ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። የኢንጀክተሩ ኖዝል እየተበላ፣ ነዳጁ በደንብ ሳይረጭ ዘግይቶ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። መሐንዲሱ ቀጣዩ ወደብ ላይ ተረጋግቶ ይፈትሸዋል።

ይህ ዘዴ ግን አንድ ክፍተት አለው። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ ቢቆሽሽ ወይም ያንን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል ቢደፈን ስድስቱም ሲሊንደሮች አብረው ይግላሉ። እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት ስለማይነካ ቻርቱ ምንም አያሳይም። በዚህ ምክንያት ለአማካዩ ራሱ ሁለተኛ ቻርት ያስፈልጋል፤ እሱም ሞተሩ በዚያ ጭነት ሊኖረው ከሚገባው ሙቀት ጋር ተነጻጽሮ ይሠራል። አንዱ ሲሊንደር ብቻውን ከጋለ ኢንጀክተርና ቫልቭ፣ ሁሉም አብረው ከጋሉ የአየር መንገዱ፤ ለእኔ የቻርቱ ትልቁ ጥቅም ጥፋቱ የት እንደሚፈለግ ማሳየቱ ነው።

ወሰን የጣሰ ነጥብ ሁሉ ግን ሞተር አያስፈታም። ሦስት ሲግማ የሚባለው ይህ ወሰን ጤነኛውን ሞተር እንኳ ከ370 ንባብ አንድ ጊዜ ያህል ያለ ጥፋቱ ይከሰዋል። ስድስት ሲሊንደር በቀን ስድስት ጊዜ ከተነበበ ንባቡ 36 ስለሚሆን፣ በየአሥር ቀኑ አንድ የሐሰት ምልክት ይጠበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈተሸው ቴርሞሜትሩ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጉዳይ የመርከበኞች ብቻ አይደለም። የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ በዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየር ያነሰው ዲዝል፣ በተለይ ቱርቦ የሌለው፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ይግላልም። ለባሕር ጠለል የተጻፈ ቁጥር ለጣና ጀልባም ሆነ ለእንጅባራ ጄኔሬተር ልክ አይሆንም። የራሱን ልክ ከራሱ ንባብ ማውጣት ግድ ነው።

ስለዚህ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የዲዝል ወፍጮ ያላችሁ፣ ኮምፒውተር አትጠብቁ። ደብተር ግዙና የጭሱን ሙቀት፣ የዘይቱን ግፊትና በሰዓት የሚበላውን ነዳጅ በየቀኑ በተመሳሳይ ጭነት መዝግቡ። ሞተሩ ጤነኛ ሳለ ከሃያ እስከ ሠላሳ ንባብ ሲሞላላችሁ፣ ሦስቱን መስመሮች አስምሩ።