ደረት ሳይሰነጠቅ ልብን ማከም

የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሸሚዙን ሲፈታ ጠባሳው ይመሰክርበታል። የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ የደረት አጥንት ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ይሰነጠቃል፤ ግራና ቀኙ በብረት ተወጥሮ ይከፈታል፤ የልብንና የሳንባን ሥራ ማሽን ይረከብና ልብ እንዲቆም ይደረጋል። ጥገናው ሲያልቅ አጥንቱ በሽቦ ይታሰራል። አሜሪካዊው ጆን ጊበን እንዲህ ባለ ማሽን በመታገዝ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣትን ልብ ከፍቶ በተሳካ ሁኔታ ያከመው እ.ኤ.አ. በ1953 ፊላደልፊያ ውስጥ ነበር።

ሰፊው ቁስል ለሐኪሙ ይመቸዋል፤ ሁሉም ነገር ፊት ለፊቱ ነው። በሽተኛው ግን አጥንቱ እስኪገጥም ሁለት ሦስት ወር ከባድ ነገር እንዳያነሳ ይከለከላል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አንዳንድ ሐኪሞች አጥንቱን ትተው በቀኝ በኩል በጎድን አጥንቶች መሐል መግባት ጀመሩ። የጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ፣ አንዲት ካሜራና ረጃጅም መሣሪያዎች ይበቋቸዋል። ማሽኑ የሚገናኘው በብሽሽት የደም ሥሮች በኩል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ያነሰው ቁስሉ እንጂ ቀዶ ሕክምናው አይደለም። ልብ ያው ይቆማል፤ እንዲያውም ቆሞ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ታዲያ ልፋቱ ምን አተረፈ? በብሪታንያ የሚትራል ቫልቫቸው (በልብ ግራ ክፍሎች መሐል ያለው የደም በር) የሚያፈስ 330 በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በሰፊው፣ ገሚሶቹ በጠባቡ ቁስል ታከሙ፤ ውጤቱም በ2023 ታተመ። በአራት ቀን ውስጥ ከሆስፒታል የወጡት በጠባቡ ቁስል ከታከሙት 33 በመቶ፣ በሰፊው ከታከሙት 15 በመቶ ነበሩ። በስድስተኛው ሳምንትም በጠባቡ ቁስል የታከሙት በአካላዊ አቅም ይበልጡ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ግን የሁለቱ ወገን አካላዊ አቅም እኩል ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱትም 2.4 እና 2.5 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠባቡ ቁስል የሰጠው ጥቂት ሳምንታትን ነው። ለዕለት እንጀራው ለሚሮጥ ሰው ጥቂት ሳምንታት ቀላል ነገር አይደሉም። ይህን ውጤት ያስገኙት ግን በየአሠራሩ የተካኑ ሐኪሞች እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም።

በሳንባ ቀዶ ሕክምና ደግሞ የጠባቡ ቁስል ጥቅም ይጎላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በየጎድን አጥንቱ ሥር ነርቭ አለ፤ አጥንቶቹ በብረት ተለያይተው ሲወጠሩ ነርቩ ይጨፈለቃል፤ ሕመሙም አንዳንዱን ሰው ለወራት፣ ሌላውን ለዓመታት ይከተለዋል። የሳንባ ካንሰር ባለባቸው ወይም በተጠረጠረባቸው 503 የብሪታንያ በሽተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በካሜራ ከታከሙት 33 በመቶ ያህሉ ሆስፒታል ሳሉ ችግር ሲገጥማቸው፣ ደረታቸው ከተከፈተው 44 በመቶ ያህሉ ገጥሟቸዋል። ዕጢውን አጥርቶ በማውጣት ረገድ ግን ካሜራው ወደኋላ አልቀረም፤ ከሕመሙ ማነስ ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያሳምነው።

ወደ ልብ ስንመለስ፣ ከዚህም የጠበበ መንገድ አለ። ፈረንሳዊው አላን ክሪቢዬ በ2002 ሩዋን ከተማ ውስጥ፣ ደረት ሳይከፈት፣ በብሽሽት በገባ ቀጭን ቱቦ አዲስ የአዎርታ ቫልቭ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) ልብ ውስጥ አኖረ። በ2019 የታተመ 1000 ያህል በሽተኞችን ያካተተ ጥናት ቱቦውን አስመሰገነው፦ በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱ፣ ስትሮክ የመታቸው ወይም በልባቸው ሳቢያ እንደገና ሆስፒታል የገቡ በቱቦው 8.5፣ በቀዶ ሕክምናው 15.1 በመቶ ነበሩ። በአምስተኛው ዓመት ቁጥሩ 22.8 እና 27.2 ሆነ፤ ክፍተቱ ስለጠበበ ተመራማሪዎቹ አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት አልደፈሩም። የበሽተኞቹ አማካይ ዕድሜ 73 ነበር። ቫልቫቸውን ያደረቀው እርጅና ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የልብ ቫልቭ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ በልጅነት በጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የሩማቲክ ሕመም ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በር ላይ ወረፋ የሚጠብቁትም በብዛት ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ለእነሱ የሚቀርበው ማስረጃ ከቱኒዚያ የመጣ ነው። በ1998 በታተመው የሞናስቲር ጥናት፣ ሚትራል ቫልቫቸው የጠበበ 90 በሽተኞች በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ልባቸው ተከፍቶ ቫልቩ በዓይን እየታየ ተላቀቀ። ሁለተኞቹ በጎን ተገብቶ፣ ልብ ሳይከፈት፣ በመዳሰስ ተሠራላቸው። ሦስተኞቹ ፊኛ በብሽሽት ገብቶ ቫልቩ ላይ ተነፋላቸው። ከሰባት ዓመት በኋላ በመዳሰስ ከተሠራላቸው 37 በመቶ ያህሉ ቫልቭ እንደገና ጠበበ። በፊኛውና በክፍቱ ቀዶ ሕክምና ግን እኩል፣ 7 በመቶ ያህል ብቻ። ትንሿ ቀዳዳና ትልቁ ቁስል እኩል ወጡ፤ መሐለኛው ወደቀ።

ፊኛው ግን ለሁሉም አይሆንም። ቫልቩ የጠበበ እንጂ ክፉኛ የሚያፈስ መሆን የለበትም፤ መለመጥ አለበት፤ የግራ ላይኛው የልብ ክፍል ውስጥም የረጋ ደም መኖር የለበትም። ይህን አስቀድሞ የሚለየው የልብ አልትራሳውንድ ነው። ሕመሙ ሥር ሰዶ፣ ቫልቩ ደርቆ ለሚመጣው በሽተኛ ዛሬም የሚቀረው ደረትን መክፈት ነው።