ጠብቀውና ላልተው ስለሚነገሩ ቃላት

በነቀምቴና በጨለለቂ ባሉ ብዙ ቤቶች ልጅ በምድጃው አጠገብ ኦሮምኛ ይሰማል፤ በትምህርት ቤት ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ ይማራል። በሦስቱም ቋንቋዎች ድምፃቸው የሚቀራረብ፥ ትርጓሜያቸው ግን እጅግ የሚራራቅ ቃላት ስላሉ፥ ወላጆች ልጆቻቸውን ንባብ ሲያስጠኑ ሊያስተውሉት የሚገባውን ጥቂት ነገር ለመግለጽ ወደድን።

በኦሮምኛ «ሶዳ» የሚለው ቃል «ዳ» ላልቶ ሲነገር ፍርሃት፥ ጠብቆ ሲነገር አማች ማለት ነው። አማቹን የሚፈራ ሰው ሁለቱን አንድ ቢያደርጋቸው አንፈርድበትም። በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ግን አይለያዩም። ከ1904 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነቀምቴ ያስተማሩት ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመውበት በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በዚሁ ፊደል ነበር። በ1991 ቁቤ ሲወሰን የሚጠብቀው ድምፅ በድርብ ሆሄ እንዲጻፍ ሆነ።

ልጁ ይህንኑ ሥርዓት ወደ እንግሊዝኛ ይዞ ሲሻገር ይሰናከላል። እንግሊዞች በረሓን «ዴዘርት»፥ ከማዕድ በኋላ የሚቀርበውን ጣፋጭ «ዲዘርት» ይሉታል። የጣፋጩ ስም «ኤስ» የተባለውን ሆሄ ደርቦ ይጻፋል፤ ሲነገር ግን አይጠብቅም። በበረሓው ስም ድምፅ የሚነሣው ከመጀመሪያው ላይ፥ በጣፋጩ ከመጨረሻው ላይ ነው። ተነሽና ወዳቂ ንባብን በቤተ ክርስቲያን የተማረ ሰው ይህን ፈጥኖ ይረዳዋል።

በአማርኛማ «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋውም ነው፥ ጠባብ ያልሆነውም ነው። ይህ የሚያስቅ እንጂ የሚጐዳ አይደለም። የሚጐዳው በውል ላይ ሲገባ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ርስታቸውን ሲካፈሉ «ታናሽ ወንድሙ በየዓመቱ አንድ ዳውላ ጤፍ ይሰጠዋል» ተብሎ ተጻፈ እንበል። «ሰ» ላልቶ ቢነበብ ሰጪው ታናሹ ነው፤ ጠብቆ ቢነበብ ተቀባዩ እርሱ ይሆናል። ጽሑፉ አንድ፥ ባለዕዳው ሁለት! ውሉ ሲነገር የሰሙት ሽማግሌዎች ካረፉ በኋላ በጽሕፈት ቤት ያለን ሰዎች ወረቀቱን መቶ ጊዜ ብናገላብጠው ድምፁን አናገኘውም።

እንግዲህ ውል የሚያጽፍ ሰው «ለታላቅ ወንድሙ ይሰጣል»፥ ወይም «ከታላቅ ወንድሙ ይቀበላል» ብሎ ያጽፍ። ከመፈረሙም በፊት ነገሩን የማያውቅ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ያድርግ።