ፋብሪካ ጎረቤት ይወዳል

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የሄደ ሰው ሁሉ አጣዬን አይቷታል፤ ወርዶ ጥቂት ቀን የተቀመጠባት ግን ብዙ አይደለም። ከዋና ከተማችን ወደ 270 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ይህች የኤፍራታና ግድም ከተማ በሁለት የፋብሪካ ከተሞች መካከል ናት። በስተደቡብ የጣርማ በርን አቀበት ወጥተው ደብረ ብርሃንን፣ በስተሰሜን ቆላውን ይዘው ኮምቦልቻን ያገኛሉ። የጭነት መኪናው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ በመካከሏ ነውና የአጣዬ ወጣት፣ የውጭ አገር ባለካፒታል እኛን እየዘለለ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው ስለ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም።

ነገሩ ግን ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ባቡር የዘመኑ ረቂቅ ጥበብ በነበረበት ወራት፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ በፈረንሳዮች ገንዘብም ሀዲዱ ከጂቡቲ ተነሣ። ወደ ሐረር ተራራ ማውጣቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሜዳው ላይ ቆመ፤ ድሬዳዋም በዚያው ተቆረቆረች። የዘመናት የንግድ ከተማ የነበረችው ሐረር ከገበያዋ ብዙውን ለዚህች ሕፃን ከተማ ለቀቀች። በእኛው ይፋትም ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ፣ የታጁራ ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፍባት ታላቅ ገበያ ነበረች። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ ከገባ በኋላ የቀድሞ ክብሯ አልተመለሰም።

ባለካፒታል ቦታ ሲመርጥ ግብር ምን ያህል ዓመት ይቀርልኛል ብሎ ብቻ የሚመርጥ የሚመስላቸው ሹማምንት አሉ። እኔ ግን ይህን አልቀበልም፤ የግብር ነፃነትንማ ሁሉም ከተማ ያቀርብለታልና። የሚፈልገው ጎረቤት ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ሲሰበር የሚጠግን ቴክኒሺያን፣ ዕቃ የሚያቀብል ነጋዴ፣ ቅርብ የጉምሩክ ጽሕፈት ቤት፣ ሥራ የለመደ እጅ ነው። የቻይናው ትራንሽን ቴክኖ የተባለውን ስልክ በ2003 ዓ.ም. በአገራችን መገጣጠም ሲጀምር አዲስ አበባን የመረጠው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

የማሌዥያዋ ፔናንግ ደሴት ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። በ1972 እ.ኤ.አ. ነፃ የንግድ ቀጠና ከፍታ ኢንቴልንና ሂታቺን የመሳሰሉትን ተቀበለች። መጀመሪያ ሥራው ለወር ደመወዝ ከመገጣጠም አላለፈም ነበር። ነገር ግን የአገሩ ሰዎች አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ከፍተው ለእነዚሁ ፋብሪካዎች መሣሪያ ያቀርቡ ጀመር፤ በ1989 እ.ኤ.አ.ም ኩባንያዎቹና መንግሥት በኅብረት የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ ሌላ ከተማ ርካሽ ጉልበት አለኝ ቢል ፔናንግን ትቶ መሄድ ቀላል አልሆነም።

በእኛ አገር ሐዋሳ በ2008፣ ኮምቦልቻ በ2009፣ ደብረ ብርሃን በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ከፈቱ። አዳራሾቹ ይመሳሰላሉ፤ የተጋበዘውም እንግዳ በአብዛኛው አንድ ዓይነት፣ ልብስ ሰፊ ነበር። ጨርቁንና ክሩን ከባሕር ማዶ አምጥቶ ሰፍቶ መልሶ የሚልክ እንግዳ ከከተማው ጋር የሚያስተሳስረው የሠራተኛው ደመወዝ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ ፓርኳ ተዘረፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር የአሜሪካው ፒ.ቪ.ኤች. የሐዋሳ ፋብሪካውን መዝጋቱን አስታወቀ፤ በታኅሣሥም ኢትዮጵያ ከአጎዋ ዕድል ወጣች፤ ጉዳቱም ሁሉንም ነካ። ደብረ ብርሃን ግን ሌላ ጎረቤት ነበራት። የኔዘርላንዱ ባቫሪያ ገንዘቡን ያገባበት የሐበሻ ቢራና ዳሽን እዚያው ናቸው፤ ገብሱም በዙሪያቸው ደጋ ላይ ይበቅላል። እንዲህ ያለውን ፋብሪካ ነቅሎ መሄድ የስፌት መኪና ጭኖ እንደ መሄድ አይደለም።

ወደ አጣዬ እንመለስ። ከተማዋ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች፤ ሰላም በሌለበት ደግሞ የውጭ ሰው ቀርቶ የአገሩ ሰውም ቤቱን ለመሥራት ያመነታል። ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ግን አጣዬ እንደ ትልልቆቹ ባዶ አዳራሽ ይሠራልን ብላ ብትለምን አራተኛ ተወዳዳሪ ከመሆን አታልፍም። በእጇ ያለው ማሾ ነው። የይፋት ቆላ ማሾ በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ጀምሯል፤ የሸዋ ሮቢትም ሽንኩርት የታወቀ ነው። አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ እርስ በርስ መፎካከሩን ትተው ማበጠሪያውን፣ መጋዘኑንና ማቀዝቀዣውን ተከፋፍለው ቢይዙ ባለካፒታሉ የሚፈልገው ጎረቤት ያን ጊዜ ይገኛል። የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. የጀመረው ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የሚወጣው ሀዲድም የሚያልፈው በዚሁ ቆላ ነው፤ መደበኛ አገልግሎት ሲሰጥ ግን ገና አላየንም።

እስከዚያው ማሾው ሳይበጠር በጆንያ ተጭኖ የጣርማ በርን አቀበት ይወጣል።