ጥይቱ ሁለት ሥራ አለበት

ልጆች፣ ስሙኝማ! አንድ ነገር ገባኝና ለእናንተ ሳልነግር ማደር አቃተኝ። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ መኸር ገብቶ የአጋዘን አደን ሲከፈት የአደን ዕቃ መደብሮች መደርደሪያ በጥይት ካርቶን ይጨናነቃል። ለአንድ ጠመንጃ፣ ለምሳሌ ለታወቀው 30-06፣ የካርቶኑ ዓይነት ተቆጥሮ አያልቅም። አንዱ 150 ይላል፣ አንዱ 180። የአንዱ ጫፍ ፕላስቲክ ነው፣ ሌላው ሁለመናው መዳብ። ጥይት ጥይት ነው፣ ይሄን ሁሉ ምን አመጣው?

ከዜሮ እንጀምር። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለሃው፣ ቂጡ ላይ ያለችው እሳት ጫሪ፣ ውስጡ ያለው ባሩድ፣ አፉ ላይ የተሰካው አረር። በርሮ የሚሄደው አረሩ ብቻ ነው፤ ቀለሃው እዚያው ይቀራል። ካርቶኑ ላይ ያለው ወግ ሁሉ ደግሞ በአብዛኛው ስለዚህች የጣት ጫፍ ስለምታክል አረር ነው።

አሁን አረሩን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቀን ውስጡን እንየው። መሃሉ ግራጫ እርሳስ ነው፤ በጥፍር የሚጫር ለስላሳ፣ ግን ከባድ። ዙሪያውን የመዳብ ልባስ ይዞታል። ልባሱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ታች ወፍራም ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ እየሳሳ ይሄዳል፣ አናቱ ላይ ጭራሽ የለም፤ እርሳሱ ራቁቱን ብቅ ብሏል። ሆን ተብሎ እኮ ነው!

ለምን መሰላችሁ? አረሩ እንስሳው ጋ ሲደርስ እንዲከፈት። ጃንጥላ አስቡ። የታጠፈ ጃንጥላ በሰው መሃል ሹልክ ብሎ ያልፋል፤ ከተዘረጋ ግን ፊቱ ያለውን ሁሉ እየገፋ ነው የሚሄደው። አናቱ ድረስ በመዳብ የተሸፈነ የወታደር ጥይት እንደታጠፈ ይገባል፣ እንደታጠፈ ይወጣል። ቀጭን ቀዳዳ ትቶ ስለሚያልፍ እንስሳው ቆስሎ ርቆ ሊሄድና ጫካ ውስጥ ሲሰቃይ ሊሞት ይችላል። አናቱ ክፍት የሆነው ግን 8 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ወርዱ እስከ እጥፍ ይሰፋል፤ ሳንባና ልብ ላይ ከደረሰ እንስሳው ብዙ አይሄድም።

ወይ ጉድ የምትሉት አሁን ነው። በ1899 ሄግ ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት ሰውነት ውስጥ በቀላሉ የሚከፈት ጥይትን በጦርነት ከለከሉ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ለትልቅ አውሬ አደን የተከለከለው የማይከፈተው ነው! ፍጹም ተገላቢጦሽ፤ ምክንያቱም አዳኝ የሚፈለግበት እንስሳውን ሳያሰቃይ ቶሎ መግደል ነው።

ታዲያ በጣም የሚከፈተውን መግዛት ነዋ? ቆይ፣ ቆይ! ጃንጥላው በተዘረጋ ቁጥር ነፋሱ ይከብደዋል፤ ዘንጎቹ ደካማ ከሆኑ ይሰባበራል። አረርም ያው ነው። ቶሎ ከተከፈተ ቆዳና ጡንቻ ላይ ተበታትኖ ይቀራል፣ ሳንባው ጋ አይደርስም። ለእኔ የበራልኝ እዚህ ላይ ነው፦ አረሩ ሁለት ሥራ አለበት፤ መከፈትም፣ ጠልቆ መግባትም። ሁለቱ ደግሞ ይጣላሉ! መደርደሪያው ላይ ያለው ካርቶን ሁሉ እነዚህን ሁለት ጠበኞች ለማስታረቅ የተሞከረ ሽምግልና ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጆን ኖስለር የሚባል አሜሪካዊ አዳኝ ነው። በ1946 ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሙስ ሊያድን ወጣ። ሙስ ማለት ከአጋዘን ዘመዶች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ወንዱ ከ500 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ያኛው ሙስ ደግሞ ጭቃ የደረቀበት ወፍራም ቆዳ ነበረው። የኖስለር አረሮች ላይ ላዩን እየተበታተኑ አስቸገሩት። ሰውየው አገሩ ተመልሶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አረሩን ሁለት ክፍል አደረገው! መሃሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ፣ ከግድግዳው በላይ እርሳስ፣ ከታችም እርሳስ። የላይኛው ይከፈታል፣ ሲከፈት ሲከፈት ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል። የታችኛው ሳይነካ እየገፋ ይገባል። አንዱ ለመከፈት፣ አንዱ ለመጥለቅ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! በ1948 ለገበያ አቀረበው፣ እስካሁንም ይሸጣል።

ሌሎቹ በሌላ መንገድ ሄዱ። አንዳንዶች እርሳሱን ከልባሱ ጋር አጣበቁት፣ እንዳይለያይ። አንዳንዶች እርሳሱን ጭራሽ አውጥተው አረሩን ከመዳብ ብቻ ሠሩት፤ አናቱ ላይ ያለችው ቀዳዳ በቅጠል በቅጠል ትከፍተዋለች፣ ክብደቱም ከሞላ ጎደል ሳይጎድል ይቀራል። የመዳቡ ሌላም ጥቅም አለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮንዶር የሚባል ግዙፍ ጥንብ አንሣ አለ፤ በ1982 በዓለም ላይ የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ። አዳኞች ጫካ የሚተዉትን ሆድቃ ሲበላ የእርሳስ ፍርፋሪ አብሮ እየዋጠ ይመረዛል። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች።

ቁጥሮቹስ? 150 እና 180 የአረሩ ክብደት በግሬን ናቸው፤ 150 ግሬን 10 ግራም አይሞላም፣ 180 ደግሞ 12 ግራም ገደማ ነው። ከአንድ ጠመንጃ ቀላሉ ይፈጥናል፣ ከባዱ ይጠልቃል። ፍጥነቱ ለምን አስፈለገ? ጃንጥላው የሚዘረጋው በፍጥነቱ ኃይል ነዋ! የ30-06 ባለ 150 አረር ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 880 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በራቀ ቁጥር ይዝላል። ብዙዎቹ አረሮች ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ከወረደ በደንብ አይከፈቱም። የፕላስቲኳ ጫፍ ሥራም ይኸው ነው፤ አየሩን በቀላሉ ትሰነጥቃለች፣ ስትመታ ደግሞ ወደ ውስጥ ተገፍታ አረሩን ትከፍተዋለች።

እንግዲህ ምርጫው ቀለለ አይደል? ነጭ ጭራ ለሚባለው ተራ አጋዘን፣ የጎድን አጥንቱ ስስ ስለሆነ፣ አናቱ ክፍት የሆነ ባለ 150 ይበቃል። እንደ ኤልክና ሙስ ላሉ ግዙፍ የአጋዘን ዘመዶች ግን ባለ ግድግዳው፣ የተጣበቀው ወይም መዳቡ ይሻላል። በእርሳስ ከሆነ 180 ይያዝ፤ መዳብ ግን ክብደቱን ስለማይጥል ቀለል ብሎም ያደርሳል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱን የሳተ አዳኝን የትኛውም ውድ አረር አያድነውም። ክብደት ሲቀየር ደግሞ አረሩ የሚያርፍበት ቦታም ይቀየራል። ስለዚህ የመረጣችሁትን ካርቶን ይዛችሁ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ተኩሱ፣ ጠመንጃውን በዚያው ጥይት አስተካክሉ፣ ጫካው ከዚያ በኋላ ነው።