ባለ ሁለት ሞተር አውቶሞቢል በቱላ፤ ስለ ሕመሙና ስለ ጥገናው

በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ምግብና ስለ ቤት አያያዝ መጻፍ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን ከልጆች መኝታ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ስለሚያድረው ስለ አውቶሞቢል ልንጽፍ ወደድን። ይህም ከቤት ጉዳይ የወጣ አይደለም፤ የዛሬው አውቶሞቢል እንደ ምጣድና እንደ ምድጃ የቤቱን ኮረንቲ የሚካፈል ሆኗልና። የምንናገረውም በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ስለሚሄደው፥ ማታ ከግድግዳ ኮረንቲ ሲሞላ ስለሚያድረው ትልቅ የክብር አውቶሞቢል ነው። ፈረንጆች ፕላግ ኢን ሃይብሪድ ይሉታል፤ እኛ ባለ ሁለት ሞተር ብለን እንጽፈዋለን።

ሁለቱን ኃይል ማጋባት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፈርዲናንድ ፖርሽ የተባለው መሐንዲስ በፈረንጆች 1900 ዓመት ቤንዚንና ኤሌክትሪክ የተጣመሩበት ሠረገላ ሠርቶ ነበር። ከግድግዳ የሚሞላውን ዓይነት በብዛት ሠርቶ በመሸጥ የቀደመው ግን ቢ ዋይ ዲ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ዘመኑም በፈረንጆች 2008 ነበር። ከዚያ በኋላ ፖርሽ ካየን በ2014፥ ቮልቮ ኤክስ ሲ 90 እና ቢ ኤም ደብልዩ ኤክስ 5 በ2015 ይህንኑ ብልሃት ወደ ትልልቆቹ የክብር አውቶሞቢሎች አስገቡት። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ስለ ባትሪ የማይነጋገር ባለ መኪና የለም።

ዳሩ ግን ባለ ሁለት ሞተር መሆን ባለ ሁለት ሕመም መሆን ነው። ቤንዚን ሞተሩ፥ ካምቢዮውና የቤንዚን ታንከሩ እንዳሉ ሆነው፥ በላያቸው ታላቅ ባትሪ፥ ኤሌክትሪክ ሞተር፥ መሙያና ልዩ ልዩ የማቀዝቀዣ ቧንቧ ተጨምሯል። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ ሸማቾች ድርጅት በፈረንጆች 2023 ባሳተመው ምርመራ፥ ከግድግዳ የሚሞሉት ባለ ሁለት ሞተሮች ከተራው የቤንዚን አውቶሞቢል ይልቅ 146 በመቶ የበለጠ ችግር እንደ ታየባቸው ገልጿል። ከግድግዳ የማይሞሉት ተራ ሃይብሪዶች ግን ከቤንዚኑ በ26 በመቶ ያነሰ ችግር አሳይተዋል። እንግዲህ ጥፋቱ ሁለቱን ኃይል በማጣመር ላይ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ያስተውል፤ ትልቁ ባትሪና መሙያው የራሳቸውን ጣጣ ይዘው መጥተዋል።

አሁን ነገራችንን ወደ ቱላ እናምጣው። የሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ከሐዋሳ ወደ ደቡብ፥ ወደ ይርጋለምና ወደ ዲላ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኝ፥ እንሰትና በቆሎ ከከተማ ቤት ጋር ጎን ለጎን የሚታይበት አገር ነው። እዚያ ቤት ሠርቶ በሐዋሳ መሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ጧት ሄዶ ማታ ሲመለስ መንገዱ አጭር ነው። የዚህ ዓይነት አውቶሞቢል ደግሞ በአንድ ሙሌት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ያለ ቤንዚን ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ሳምንት ሙሉ፥ አንዳንዴም ወር ሙሉ፥ ቤንዚን ሞተሩን ሳያስነሣ ሊኖር ይችላል። ይህ ለኪስ መልካም ነው፤ ለሞተሩ ግን መልካም አይደለም።

ቤንዚን በታንከር ውስጥ ለወራት ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፥ ዝቃጭም ያበጃል። የሞተር ዘይትም ሞተሩ ሳይግል ለጥቂት ደቂቃ ተነሥቶ ሲጠፋ እርጥበትና ቤንዚን ይቀላቀልበታል። በኋላ ባለቤቱ ቤተ ሰቡን ጭኖ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአዲስ አበባን መንገድ ሲጀምር፥ ወር ሙሉ ተኝቶ የከረመው ሞተር በአንድ ጊዜ ሙሉ ሥራ ይጠየቃል፤ መንቀጥቀጥና መብራት ማሳየት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ በወር አንድ ጊዜ በቤንዚን ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በደንብ እስኪግል መንዳት፥ ታንከሩን እስከ አፉ ሞልቶ ለወራት ከማስቀመጥ ይልቅ ጥቂት እየቀዱ ማደስ፥ ዘይቱንም ኪሎ ሜትሩ ባይደርስ እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ነው። ኪሎ ሜትሩን ብቻ አይቶ «ገና ነው» የሚል ሹፌር ለቀድሞው መኪና እንጂ ለዚህ አልተማረም።

ከሕመሞቹ ሁሉ የሚበዛውና ሰውን በከንቱ የሚያስደነግጠው ግን የትንሿ ባትሪ ነገር ነው። ትልቁ ባትሪ እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ኃይል ቢኖረውም፥ በሩን የሚከፍትለት ባለ 12 ቮልቷ ተራ ባትሪ ናት። እርስዋ ስትደክም ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ አውቶሞቢሉ አይነሣም፤ በመስታወቱም ላይ ቀይና ቢጫ ማስጠንቀቂያ ሁሉ በአንድነት ይበራል። ያን ጊዜ ባለቤቱ «ታላቁ ባትሪ ሞተ» ተብሎ ብዙ ገንዘብ ይጠየቃል። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመፈታቱ በፊት ትንሿ ትለካ። ጤነኛ ስትሆን መኪናው ቆሞ ሳለ 12.6 ቮልት ያህል ታሳያለች፤ ከ12 በታች ከሆነች ደክማለች። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ታገለግላለች። ጎረቤት የጭነት መኪናው አልነሣ ሲለው ከዚህ ባትሪ ኮረንቲ ልበደር ቢል እሺ አይባልም፤ ጎረቤት ያኮርፍ ይሆናል፥ ነገር ግን ለታላቅ የጭነት ሞተር የምትሰጠው ኃይል የላትም፥ ረቂቆቹም የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ሁለተኛው የቤት ውስጥ ነገር ሙሌቱ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን፥ እሳት የሚነሣው ከዚህ ነውና። ከአውቶሞቢሉ ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ መሙያ በ220 ቮልት 10 አምፔር ሲስብ 2.2 ኪሎ ዋት ይወስዳል። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ «መሙያው ከምጣዱ ያንሳል» ብለው የሚከራከሩ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል፥ መሙያው 12 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለመሙላት ስድስት ሰዓት ያህል፥ 24 የሚይዘውን ለመሙላት ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ሳያርፍ ይስባል። ቀጭን ሽቦና የላላ ሶኬት ለአንድ ሰዓት ይታገሣሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን አይታገሡም። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድማ ራሱ እንደ ምድጃ ይግላል።

ስለዚህ ለመሙያው ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም የራሱ መስመር፥ የራሱ ማቋረጫ፥ ወደ ምድር የወረደም ሽቦ ይሠራለት። የቤት እመቤትም ሙሌቱ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅዋ ጀርባ ትፈትን፤ ከሞቀ መሙያውን አጥፍታ ነቅላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ታስጠራ። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አይሞላ። መብራት ሲጠፋ መሙያው ተነቅሎ፥ ተመልሶ ሲመጣም ሩብ ሰዓት ያህል ታይቶ ይሰካ፤ በመመለሻው ቅጽበት የሚዘልለው ኮረንቲ በአውቶሞቢሉ ውስጥ ያለውን መሙያ ሊያበላሽ ይችላል፥ ያም ዕቃ ከውጭ አገር የሚታዘዝና ዋጋው የከበደ ነው።

ስለ ማቀዝቀዣ በአጭሩ እንናገራለን። በብዙዎቹ አውቶሞቢሎች ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው ለተሳፋሪው ቀዝቃዛ አየር የሚሰጠው ያው መሣሪያ ነው። ስለዚህ «ሐዋሳ ነፋሻ ነው፥ መስኮት እንከፍታለን» ብሎ የተበላሸውን ማቀዝቀዣ መተው ባትሪውን ማሳመም ነው። ጋዝ የሚሞላውም ሰው ለዚህ ዓይነት መጭመቂያ የታዘዘውን፥ ኮረንቲ የማያሳልፈውን ዘይት እንጂ ለተራ መኪና የሚውለውን እንዳይጨምር ይጠየቅ፤ ያለዚያ አውቶሞቢሉ ኮረንቲ እያፈሰሰ እንደ ሆነ ቆጥሮ አልነሣም ይላል። በራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውኃ መጨመርም በዚህ ዓይነት መኪና ክልክል ነው።

ስለ ፍሬን ደግሞ ደጋና ቆላ ለሚመላለስ ሰው ልዩ ነገር አለ። ባለ ሁለት ሞተር አውቶሞቢል እግር ከቤንዚን መርገጫው ሲነሣ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ኮረንቲ እያመነጨ መኪናውን ይይዛል፥ የብረቱ ፍሬን ግን ያርፋል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ሞልቶ ከሆነ ኮረንቲው የሚገባበት ስለሌለ ያ አያያዝ ይቀንሳል። በሁላ ደጋ በሀገረ ሰላም ያደረ ሰው ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ወደ 1,700 ሜትር ግድም ሲወርድ፥ ሥራው ሁሉ በብረቱ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ያ ብረት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ በክረምት ዝናብ ዝጎ ሊቆይ ይችላል። በደጋ የሚያድር ባትሪውን ጥቂት ጎደሎ ቢተወው፥ በሳምንትም አንድ ቀን ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ እየያዘ ዝገቱን ቢያስለቅቅ ደግ ነው።

በዚሁ ነገር በፈረንጆች 2025 የቮልቮ ኩባንያ ኤክስ ሲ 90ን ጨምሮ በአሜሪካ አገር 11,469 አውቶሞቢሎችን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱም የተሳሳተ ፕሮግራም የተጫነባቸው ባለ ሁለት ሞተሮች ማርሹ ቢ ላይ ሆኖ፥ ነጂው ምንም ሳይረግጥ አንድ ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ያህል ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬናቸው ፈጽሞ ሊጠፋ እንደሚችል ስለ ተገኘ ነው። መድኃኒቱ ብረት መለወጥ ሳይሆን ፕሮግራሙን ማደስ ብቻ ነበር። ቤተ ሰብ ጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ግን ያ «ብቻ» የተባለው የሞትና የሕይወት ነገር ነው።

የባትሪ እሳትም እንዲሁ ተሰምቷል። ቢ ኤም ደብልዩ በፈረንጆች 2020 ባትሪው ሲሠራ ባዕድ ነገር ገብቶበት ይሆናል በማለት ኤክስ 5ን ጨምሮ ከ26 ሺህ በላይ አውቶሞቢሎችን ጠርቷል። የጂፕም ኩባንያ በ2025 ራንግለርና ግራንድ ቼሮኪ የተባሉትን ባለ ሁለት ሞተሮች በአሜሪካ አገር ወደ 320 ሺህ ያህል ጠርቶ፥ ባለቤቶቹ እስኪጠገኑ ድረስ እንዳይሞሏቸውና ከቤት ርቀው እንዲያቆሟቸው አዝዟል። በሌላ አገር ያገለገለ አውቶሞቢል ወደ እኛ ሲመጣ ይህ ጥሪ ተከትሎት አይመጣም። ስለዚህ ገዢ በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የቻሲስ ቁጥር በኩባንያው የጥሪ መዝገብ ያስመርምር፤ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፥ ምርመራውም ገንዘብ አያስከፍልም።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበንን እንናገር፤ ይህም የመካኒኩ ልጅ ነፍስ ነው። ባትሪውንና ሞተሩን የሚያገናኙት ብርቱካን ቀለም ያላቸው ወፋፍራም ሽቦዎች ሰው ይገድላሉ። በካቾቢቴና በፒንሳ ብቻ ካደገ ጋራዥ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላው ረዳት ልጅ እነዚያን ሽቦዎች «እስቲ ንቀለው» ሲባል እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ አስቀድሞ መኪናውን አጥፍቶ ቁልፉን ያርቃል፥ የትንሿን ባትሪ ጫፍ ይፈታል፥ ለ1,000 ቮልት የተሠራ የጎማ ጓንት አጥልቆ የትልቁን ማቋረጫ ያወጣል፥ በውስጡ የተጠራቀመው ኮረንቲ እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቃል፥ ከዚያም ጓንቱን ሳያወልቅ ኮረንቲ አለመኖሩን በመለኪያ ያረጋግጣል። እንግዲህ ባለ መኪናው ወደ ጋራዥ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ዋጋ ሳይሆን «ጓንታችሁን አሳዩኝ» የሚል ይሁን። ጓንት ከሌለ ዘይትና ጎማ ብቻ ያሠራ፤ ለቀረው ወደ አዲስ አበባ በጭነት መኪና ይላክ። ትልቅ ሹም ቆሞ «ቶሎ ጨርሱ» ሲል ልጁ አሥሩን ደቂቃ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ቆሞ አለማስቸኮል ከባለቤቱ የሚጠበቅ ነው።

በላቫጆ የሞተሩን ክፍል በኃይለኛ ውኃ ማስመታት ይቅር፤ በጨርቅ ይወልወል። በቆሎ በሚከመርበት ግቢ አይጥ ሽቦ መቍረጥ ትወዳለች፤ ሽፋኑን በየሳምንቱ ከፍቶ ማየት የዘበኛ ሥራ ሊሆን ይችላል፥ የተበላ ብርቱካን ሽቦ ቢያይ ግን በእጁ እንዳይነካ አስቀድሞ ይነገረው።

መንገድ ላይ ከቆመም በገመድ አይጎተት። ጎማዎቹ መሬት ነክተው ሲሽከረከሩ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ሳይጠሩት ኮረንቲ ያመነጫልና፤ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ይጫን።